የቆመ መኪና ባለቤት አለው

እንበልና አጅባር ውስጥ ትንሽ ጋራዥ የከፈተ አንድ ወጣት አለ። ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ማታ ሲመለስ፣ አንድ ግቢ ጥግ የቆመ አሮጌ ላንድሮቨር ያያል። ጎማዎቹ ተንፍሰው ቸርኬው መሬት ነክቷል። ኮፈኑ ላይ ዶሮ ያድራል። ክረምት ሲገባ ሣሩ የበሩን እጀታ ይደርስበታል፤ በጋ ሲመጣ የሰፈር ልጆች መሪውን ይዘው "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!" እያሉ ይጫወቱበታል። ለወጣቱ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የላንድሮቨር ገላ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደሌላው መኪና ዝገት አልበላውም። ሻንሲው ጤነኛ ይመስላል። ሞተሩ ቢፈታና ቢታጠብ ይነሳል ብሎ ያስባል። መግዛት ይፈልጋል።

ከማን?

አንዱ ጎረቤት "የድሮ ነው፣ እኛም እንዲሁ ነው ያገኘነው" ይላል። ሌላው "የመንግሥት ሳይሆን አይቀርም" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ምክር ይጨምራል፦ "ባለቤቱ አሜሪካ ገባ ይባላል። አሁን ምን ያደርግለታል ብለህ ነው? ለቤቱ ጠባቂ ትንሽ ነገር ስጥና ጎትተህ ውሰደው።"

የአገራችን የአሮጌ መኪና ገበያ በሽታ እዚህ ሦስተኛው ምክር ውስጥ አለ። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" የተባለው ለዚህ ነው። መኪናው ስለቆመ ባለቤቱ የሌለ ይመስላል፤ ባለቤቱ ስለራቀም መብቱ የራቀ ይመስላል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ይህ ጉዳይ ከአሥር ዓመት በፊት ቢነሳ "ለቁራሌው የሚሰጥ ብረት ነው" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዛሬ ግን አይታለፍም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ተነሳ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ፣ ታርጋ የለጠፈ፣ ሊብሬ ያለው መኪና ሁሉ፣ የቆመውም ሳይቀር፣ ዋጋው ሌላ ሆነ። ትናንት ዶሮ ያደረበት ኮፈን ዛሬ ደላላ ያድርበታል።

ዋጋው የብረት ብቻም አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የቮልስዋገን ወዳጆች አሮጌ ቮልስ ፍለጋ ግቢ ለግቢ የሚዞሩት ቤንዚን ለመቆጠብ አይደለም። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ የመጨረሻው በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ነው። ለኢትዮጵያዊ ግን ሌላ ትዝታም አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ያወጣቸው በቮልስዋገን ነው። በዓለም ውድ ውድ መኪኖች ይንቀሳቀሱ የነበሩ ንጉሠ ነገሥት በዚያች ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጠው መሄዳቸው የአንድ ዘመን መዝጊያ ሥዕል ሆኖ ቀርቷል። አሮጌ መኪና የቤተሰብም የአገርም ማስታወሻ የሚሆነው እንዲህ ነው። ገዢው ብረት ገዛሁ ሲል ሻጩ ትዝታ እየሸጠ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ የመኪና ባለቤት እንዴት ይጠፋል? ሰው እንደ መርፌ አይጠፋም። የሚጠፋው ወረቀቱና ሰውየው ሲለያዩ ነው።

አንዱ መለያያ ታሪካችን ነው። የ1966ቱ አብዮትና ከዚያ በኋላ የመጣው እስር፣ ግድያና ስደት ብዙ ሰው ቤቱንም መኪናውንም ጥሎ እንዲወጣ አድርጓል። ወሎ ላይ ደግሞ የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ አለ። በእነዚያ ዓመታት ደጋውን የወጡት የእርዳታና የመንግሥት መኪኖች ብዙ ነበሩ። ሥራው ሲያልቅ መኪና ይቆማል፤ ድርጅቱ ይዘጋል፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ይቀይራል፤ መኪናው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ሹፌር ጡረታ ይወጣል። በቅርቡም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ንብረት ተዘርፏል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ አካባቢ ወረቀት የሌለው መኪና ሲገኝ "ከየት መጣ?" ብሎ መጠየቅ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የጥንቃቄ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መለያያ ራሳችን የፈጠርነው ነው፤ ውክልና። ስም ማዛወር ወጪና ምልልስ ስላለው ብዙ ሰው መኪና የሚሸጠው በሽያጭ ውል ሳይሆን ገዢውን "ወክዬዋለሁ" በማለት ነው። ያ ገዢ ለሌላ ይሸጣል፤ ሌላውም ለሌላ። አምስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የመጀመሪያው ሰው ነው። እሱ ሲሞት ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይናዳል፤ በሕጋችን ወካይ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃልና። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ማለት ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ መንቀሳቀስ የሚችሉ መኪኖች ቦሎ ሳይለጥፉ፣ ስማቸው ሳይዛወር ግቢ ውስጥ ይቀራሉ።

ስሙን ሳያዛውር የሸጠ ሰው ደግሞ ተገላገልኩ ብሎ እንዳይተኛ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መኪና ላደረሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ሲነዳው እንኳ ቢሆን፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። በመዝገብ ላይ ስሙ የቀረ ሰው ከዓመታት በኋላ በማያውቀው አደጋ ፍርድ ቤት ሊጠራ ይችላል።

ሦስተኛው መለያያ ውርስ ነው። አባት ይሞታል፤ ቅሬው ይቀብረዋል፤ ልጆቹ ተዝካሩን ወይም ሰደቃውን ያወጣሉ፤ መሬቱና ቤቱ ይነሳል። መኪናዋን ግን ማንም አያነሳትም። አንዱ ልጅ ሸጠን እንካፈል ይላል፤ አንዷ የአባቴ ናት አትነካም ትላለች፤ አንዱ ባሕር ማዶ ሆኖ ስልክ አያነሳም። ሽማግሌ ቢቀመጥ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ሃያ ዓመት ይቆማል። መኪናዋም በፍቅርና በጥል መሐል ቆማ ትበሰብሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ክርክር ይነሳል። "ታዲያ ይበስብስ ወይ? አገሪቱ መኪና ቸግሯት፣ ወጣቱ ሥራ ቸግሮት፣ ማንም የማይጠቀምበት ንብረት ዝናብ ይምታው?" የሚል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ከአጅባር ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም በአቀስታ አድርጎ ደሴ ለመድረስ መኪና ማጣት ምን እንደሆነ በምጥ የተያዘች ሴት ይዞ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል። የሚነሳ መኪና ቆሞ ማየት ያማል።

ነገር ግን መፍትሔው ባለቤትን መዝለል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት መሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። የቆመ መኪና ግን ባለቤት የሌለው ዕቃ አይደለም፤ ባለቤቱ ያልተገኘ ዕቃ ነው። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት በገዢና በሌባ መሐል ያለው ልዩነት ነው። ሕጉ በቅን ልቦና የገዛን ሰው ይጠብቃል፤ የሌላ ሰው መሆኑን እያወቀ ከጠባቂ የገዛ ግን ቅን ልቦና ነበረኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ለጠፋ ሰውም ቢሆን መንገድ አለ። ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማን ሰው በተመለከተ ጉዳዩ የሚመለከተው ወገን ለፍርድ ቤት አመልክቶ የመጥፋት ውሳኔ ማሰጠት ይችላል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን መንገድ ነው።

ያ ወጣት እንግዲህ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ሰው ይጠይቅ፤ ደላላ ግን አይደለም። የግቢውን ባለቤት፣ የቅሬውን ዳኛ፣ የድሮ ሹፌሮችን፣ የቀበሌ ጡረተኞችን። በገጠር ከተማ የሰው ትውስታ ከመዝገብ ቤት ይቀድማል። ቀጥሎ መኪናው ራሱ ይጠየቅ። ታርጋው ላይ ያለው ኮድ 2 ከሆነ የግል ነው፤ ኮድ 4 ከሆነ የመንግሥት ነው፤ ኮድ 5 ከሆነ የድርጅት ነው። የመንግሥት ከሆነ ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚሸጠውም በጨረታ ብቻ ነው። ያለ ቀረጥ የገባ የድርጅት መኪና ከሆነ የቀረጡ ነገር ሳይጣራ ገንዘብ አይከፈልም። ታርጋው ከወደቀ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ። ቮልስ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር ይገኛል። በቁጥሩ ላይ የመፋቅ ወይም የመበየድ ምልክት ከታየ እዚያው ላይ ማቆም ነው።

ባለቤቱ ሲገኝ ወረቀቱ በቅደም ተከተል ይሄዳል። በሕይወት ካለ እሱና፣ ያገባ ከሆነ፣ የትዳር ጓደኛው ይፈርማሉ። ከሞተ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ፤ ሁሉም ይስማማሉ። ውጭ አገር ካለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይልካል፤ ውክልናው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ዕዳና እገዳ መኖሩ ይጣራል። ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ብሎን መፍታት የለም።

ከባዱ ነገር ግን የሚመጣው ከወረቀቱ በኋላ ነው፤ ዋጋው።

ወጣቱ ግቢውን አንኳኩቶ ገባ እንበል። "እማማ፣ ይቺን መኪና ለመግዛት ነበር የመጣሁ።" እሳቸውም "እሷን እንኳ ሰውየው እንዳቆማት ናት፤ ለመሆኑ ስንት ታወጣለች ልጄ?" ብለው ጠየቁት። በዚያች ቅጽበት የገበያውን ዋጋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ባላቸው ከስንት ዓመት በፊት በስንት ብር እንደገዛት ነው። "ኸረ እማማ፣ ብረት ብቻ ናት፤ ቦታ ላስለቅቅልዎት ብዬ ነው" ቢላቸው ያምኑታል፤ ቡናም አፍልተው ይሸኙታል። ከሳምንት በኋላ መኪናዋ አዲስ አበባ ላይ ብዙ እጥፍ ብታወጣ በሕግ የሚጠይቀው ሰው ላይኖር ይችላል። ሰው ግን ያውቃል። አጅባር ትንሽ ከተማ ናት። ነገ የሌላ ግቢ በር ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አያገኝም።

ስለዚህ ባለቤት ፍለጋው ስም በማግኘት አያልቅም። እውነቱን በመናገር ነው የሚያልቀው። "እማማ፣ እንደቆመች ይህን ያህል ታወጣለች፤ ለማስነሳት ይህን ያህል እከፍላለሁ፤ ለልጆችዎ ደውለው ይጠይቁ፤ እኔ እመለሳለሁ" ያለ ሰው ምናልባት ውድ ይገዛ ይሆናል። ግን የገዛውን ማንም አይወስድበትም። ርካሹ መኪና ክስ የሌለበት መኪና ነው።

መንግሥትስ? የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ካለ ቆይቷል፤ መዝገብም አለ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የባለቤቱን ስልክና አድራሻ ለመጣ ሁሉ አውጥቶ መስጠት የለበትም፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን "አንሰጥም" ብሎ መስኮት መዝጋትና ምንም አለማድረግ አንድ አይደሉም። ቀላል አሠራር አለ። ፈላጊው ማንነቱንና ጥያቄውን ጽፎ ያስገባ፤ መሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ያድርስ፤ ባለቤቱ ከፈለገ ራሱ ይደውል። የማንም ምስጢር አይወጣም፤ ደላላም መሐል አይገባም። ለዓመታት ቦሎ ላልለጠፉ መኪኖች ደግሞ በየወረዳው ዝርዝር አውጥቶ፣ በማስታወቂያ ጠርቶ፣ ባለቤት ወይም ወራሽ ሲቀርብ የተከማቸውን ቅጣት በስምምነት ማቃለል ይቻላል። ቅጣቱ ከመኪናው ዋጋ ሲበልጥ ባለቤቱ ራሱ መደበቅን ይመርጣልና።

በመሥሪያ ቤቶች ግቢ የቆሙት የመንግሥት መኪኖች ጉዳይ ከሁሉም ይብሳል። እነዚያን የሚፈልግ ሰው ባለቤት ፍለጋ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ሕዝብ ነው፤ አድራሻው ይታወቃል። የጎደለው በጊዜው ጨረታ አውጥቶ የሚፈርም እጅ ነው።

ውጭ አገር ያለው ወገንም ድርሻ አለው። የእናቱ ግቢ ውስጥ የአባቱ መኪና የቆመችለት ሰው ዛሬ ማታ ደውሎ "ሊብሬው የት ነው?" ብሎ ይጠይቅ። መሸጥ ካልፈለገ አይሽጥ፤ ትዝታ ነው ካለ መጠለያ ያሠራላት። ግን በስሙ ያድርጋት። ምክንያቱም እናት በሕይወት እያሉ አንድ ስልክ የሚፈታው ነገር፣ እናት ካለፉ በኋላ ለወንድማማች የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሆናል።

ያ የአጅባር ወጣት ላንድሮቨሩን ያግኝ አያግኝ አይታወቅም። ባለቤቱን ፈልጎ፣ እውነቱን ተናግሮ ካገኘው ግን፣ መኪናው ደሴ መንገድ ላይ ሲወጣ አቁሞ "የማን ነው?" ለሚለው ትራፊክ መልሱ አጭር ነው። ሊብሬውን ያወጣል፤ ስሙ እዚያ ላይ ተጽፏል።