ጫጩት የገዛ ቤተሰብ

ሰው በጭንቅ ቀን የሚገዛው ነገር ሁሉ ጭንቁን ያቃልልለታል ማለት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የኮሮና ወረርሽኝ የአሜሪካን ሕዝብ በየቤቱ በዘጋበት ጊዜ፥ ከገበያ ተፈልገው ከታጡት ነገሮች አንዱ እንቁላል ነበር። ስለዚህም ብዙ ቤተሰብ በጓሮው ዶሮ ለማርባት ተነሣ፤ ጫጩት የሚያስፈለፍሉ ድርጅቶችም የብዙ ሳምንት ጫጩት አስቀድመው ሸጠው ጨረሱ።

እኛ ጓዳን ለመሙላት ማሰብን አንነቅፍም። ነገር ግን እንቁላል 21 ቀን ይታቀፋል፤ የተፈለፈለችውም ጫጩት አድጋ እስክትጥል ድረስ 5 ወይም 6 ወር ይፈጃል። እንግዲህ በመጋቢት የገዛ ሰው እንቁላሉን ያየው በነሐሴ ወይም በመስከረም ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ገበያው እንደገና እንቁላል አግኝቶ ነበር። ሴትና ወንዱ ሳይለይ ከተገዛም ግማሹ ያህል አውራ ዶሮ ይሆናል።

ከዚህ የከፋም ነገር ደረሰ። በዚያው ዓመት በጓሮ ዶሮ ምክንያት ሳልሞኔላ በሚባለው የሆድ በሽታ 1,722 ሰዎች መታመማቸውን የአገሩ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ገልጿል። ጫጩት ጤነኛ መስላ ሳለች በሽታው በኩሷ ይወጣል፤ ሕፃንም አቅፎ ሲስማት ይይዘዋል።

ዶሮ በጓሮው የማይታጣ የእኛም ቤተሰብ ከዚህ ትምህርት ሊያገኝ ይችላል። እናቲቱ ያልታቀፈቻት ጫጩት ሙቀትን የምታገኘው ከሰው እጅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ከዚያም ላባ እስክታወጣ ድረስ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ንጹሕ ውሃና ደረቅ ጉዝጓዝም ሊጓደልባት አይገባም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ጫጩት ከመግዛታችሁ አስቀድሞ ማን እንደሚመግባት፥ ሌሊት የት እንደምታድር፥ አውራ ዶሮ ብትሆን ምን እንደምታደርጉ ተመካከሩ። ልጆቻችሁም ዶሮ በነኩ ቁጥር እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጫጩት መሳምንም ይተዉ። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ባይነካት ይሻላል። ይህን ሁሉ አስባችሁ ብትገዙ፥ ከወራት በኋላ ልጆቻችሁ ከጓሮው የሚያመጡት እንቁላል ቤቱን ያስደስታል። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ቤት ግን እንቁላሉን ከገበያ ቢገዛ ለጫጩቷም ለሕፃናቱም ይበጃል እንላለን።