ዒላማ ተኩስ ለሚጀምር ሰው

በመተማና በቋራ ቆላ ያደገ ሰው ጠመንጃን የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ከአባቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየዋል፤ በሠርግና በበዓል ቀን ሲተኰስ ይሰማዋል፤ በፉከራና በቀረርቶም ስሙ ሲነሣ ያዳምጣል። አገሩም የጦር በር ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በጥይት የቈሰሉት በዚያው በመተማ ነው። ስለዚህ ከዚያ የተወለደ ሁሉ ዒላማ መምታትን ያለ አስተማሪ የሚያውቅ ይመስለዋል። ነገር ግን ጠመንጃ ማንገት ሌላ፥ አንዱን ወረቀት ዐሥር ጊዜ በአንድ ስፍራ መብሳት ሌላ ነው።

ልጁ ዒላማ ተኩስ ሊማር የሚፈልግ አባት ምን ይግዛ ብሎ ቢጠይቀን፥ ከሁሉ አስቀድሞ የጆሮ መሸፈኛ ይግዛ እንላለን። ይህንም የምንለው በራሳችን ስለ ደረሰ ነው። በወጣትነታችን ጆሯችንን ሳንደፍን ብዙ ተኰስን፤ ከተኩስ በኋላ ጆሮ ሲጮኽ የጐበዝ ምልክት ይመስለን ነበር። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ራሱን ወደ ሰደፉ ሲያዘነብል ቀኝ ጆሮው ይጋረዳል፥ ግራው ግን ለአፈ ሙዙ ተገልጦ ይቀራል፤ እኛም የደነቈርነው በግራው ነው። አንድ ቀን በምንጽፍበት ችሎት ምስክሩ «ስድሳ ኩንታል ሰሊጥ» ሲል እኛ «ሰባ» ብለን ጻፍን። ቃሉ ሲነበብ ባለዕዳው ጮኸ፤ ዳኛውም ምስክሩን እንደ ገና ጠይቀው ጽሑፉ ተቃና። ያ ሰው ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ በእኛ ጆሮ ምክንያት ዐሥር ኩንታል ይከፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ምስክር በቀኛችን እንዲቆም እንለምናለን። ጥጥ በመተማ ሞልቷል፥ ለጆሮ መድፈኛ ግን አይበቃም፤ ለትልቅ ጠመንጃ የውስጡ ውታፍና የላዩ ሽፋን በአንድነት ቢደረጉ ይሻላል። ለዓይንም የማይሰበር መነጽር ይደረግ።

ስለ ጠመንጃው የሆነ እንደ ሆነ፥ ጀማሪ በአባቱ ምንሽር ወይም በአያቱ ውጅግራ አይጀምር። ትከሻው በሰደፍ የተመታ ልጅ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ይህ ልማድ አንድ ጊዜ ከገባ ለማስወጣት ዓመት ይፈጃል። ለትምህርት የሚሻለው የአየር ጠመንጃ ነው። ዒላማ ተኩስ በአቴና በ1888 ዓ.ም. በተደረገው በመጀመሪያው የኦሊምፒክ ውድድር ውስጥ ነበረ፤ ይህም ከዐድዋ ድል ወር ያህል ቈይቶ መሆኑ ነው። ዛሬ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠመንጃው ከ5.5 ኪሎ እንዳይበልጥ ታዝዟል፤ ተወዳዳሪው ቆሞ 60 ጥይት በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ውስጥ ይተኩሳል። ዐሥር የሚያሰጠው ነቁጥ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በቆላ ድንጋይ ተክለው «መታሁ» የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ቢያዩት ደስ ባለን። ተወዳዳሪዎች የሚለብሱትን ወፍራም የሸራና የቆዳ ኮት ግን በመተማ ሙቀት ለጀማሪ አንመክርም።

የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። ይህን ዘንግቶ ችሎት የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

ትምህርቱ ያለ ጥይት ይጀመር። ጠመንጃው እንዳልጐረሰ ሁለት ጊዜ ይታይ፥ ጥይቱም በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከዚያ ሳንቲም በአፈ ሙዙ ጫፍ ላይ አኑሮ ምላጩን ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ሳንቲሙ ከወደቀ ጣቱ ቸኵሏል። ዓይን የፊተኛውን ማነጣጠሪያ አጥርቶ ይይ፤ ዒላማው ቢደበዝዝ አይከፋም። ትንፋሽን በከፊል አውጥቶ ጥቂት ያዝ ማድረግ ይገባል፤ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ጠመንጃውን አውርዶ እንደ ገና መነሣት ይሻላል። የትኛው ዓይን እንደሚመራ ለማወቅ በሁለት እጅ መካከል ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ በሩቅ ያለ ዛፍ ማየት፥ ከዚያም ዓይኖቹን በተራ መጨፈን ነው፤ ዛፉ የሚጠፋው መሪው ዓይን ሲጨፈን ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ ከረፋድ በኋላ ከዋልካው የሚነሣው ሙቀት ዒላማውን ያርገበግበዋል፤ ላቡም ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማለዳ ይተኰስ፥ የሰዓቱና የነፋሱ ነገር፥ የአምስቱም ጥይት ስፍራ በመዝገብ ይጻፍ። አምስቱ ተቀራርበው ከወደቁ ከመካከሉ ቢርቁም ትምህርቱ ደኅና ነው፤ ማነጣጠሪያውን ማቃናት ቀላል ነውና።

ከዒላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ክምር ይኑር። ድንጋይ ጥይትን ያነጥራል። የጦር ጠመንጃ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በዚያ ቆላ ደግሞ ባዶ በሚመስለው ጫካ ውስጥ እረኛና ዕጣን ለቃሚ አይታጣም። በሠርግ ወደ ሰማይ የተተኰሰውም ተመልሶ ይወርዳል።

ጠመንጃው በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ፥ ቍልፉም ከልጆች ይሰወር። በክረምት የቆላው እርጥበት ፈጥኖ ያዝገዋልና ከተኩስ በኋላ ሁሉ በዘይት ይወልወል። የመወልወያውን ጨርቅ ከአሮጌ ሸሚዝ ይቅደዱ፤ ከባለቤትዎ ነጠላ የቀደዱ እንደ ሆነ እኛ ዋስ አንሆንም።