ስድቡን ቆጥረው ተሰዳቢውን የረሱ

በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ስቲቭ አንደርሰን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ስድብ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ርእሱም ስድቡ ራሱ ነው። ቃሉ ከ800 ጊዜ በላይ ይነሳበታል። ኮሜዲያኑ ቢሊ ኮኖሊ ይወደዋል፣ ዘፋኙ ፓት ቡን ይጠየፈዋል፤ ክርክሩ «ይባል ወይስ አይባል» ከሚለው ፈቅ አይልም። ስድብ የወረደበት ሰው ፊት ላይ ግን ካሜራው ረግቶ አይቆምም። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው።

ካርቱም ሳለሁ ወደ ጅሬፍ ሰፈር በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ ገና ልጅ ነው፤ ጣቱን እያጮኸ ሒሳብ ይሰበስባል። በመልስ ተጣሉና አንዱ ተሳፋሪ «ያ ዓብድ!» አለው፤ አንተ ባሪያ ማለቱ ነው። ልጁ ጣቱን ማጮኽ አቆመ። ከዚያ በኋላ እጁን ብቻ እየዘረጋ፣ ማንንም ሳያይ ተቀበለ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ተወው ልጄ፣ አፍ ያመጣው ነው» አሉኝ።

አፍ ብቻውን አላመጣውም። ካርቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሪያ የሚነገድባት ከተማ ነበረች። «ሱዳኒ» የሚለው ስም ራሱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የባሪያ ዘር መጠሪያ ስለነበር፣ ዐረብ ነኝ የሚለው ከተሜ ይጸየፈው ነበር። የኑባና የዲንቃ ልጅ የሆነው መኮንን ዓሊ ዓብደልለጢፍ የነጭ ባንዲራ ማኅበርን መርቶ በ1924 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች ላይ ሲነሣ፣ ያንኑ ስም የአገሬው ሁሉ ስም ይሁን አለ። በ1956 እ.ኤ.አ. ነጻነት ሲመጣ ትናንት የተናቁበት ስም ዜግነት ሆነ። ስለ ስድብ ፊልም የሚሠራ ሰው ይሄን ታሪክ ትቶ ምን ይቀርጻል? «ዓብድ» ግን አልተሻረም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ የታወቀ እግር ኳስ ተጫዋች ቀላ ያለች ሴት በማግባቱ ብቻ በፌስቡክ ዘነበበት።

እኛ ኢትዮጵያውያንስ? ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም ከቤታችን አልወጣም። ያን ዕለት ማታ ጅሬፍ ቡና ላይ ተሰብስበን «ሐበሻ» እያሉ ስለሚንቁን ሰዎች ስናማርር፣ ከመካከላችን አንዱ የግቢውን ዘበኛ «ሻንቅላው» ብሎ ጠራው። ቀና ያለ አልነበረም። እኔም ስኒዬን አቀበልኩ።