ነቀዝ ወደ መማሪያ ክፍል ይግባ

እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ። አራቱ ቃላት በቀስት ተያይዘው በክብ ሥዕል ይቀርቡልናል፤ ለፈተና ሸምድደናቸዋል፤ ከፈተናው በኋላም ረስተናቸዋል። ለመሆኑ ከመካከላችን ሙሽሬን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው?

የመሣሪያ እጥረት ዘወትር ይነሣል። በእኛ አስተያየት ግን ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ዕቃ ከየጓዳው አይጠፋም። አንድ የመስታወት ጠርሙስ፣ ነቀዝ የገባበት እፍኝ ሽምብራ፣ ንጹሕ ሽምብራ፣ ለአፉ መሸፈኛ ሳሳ ያለ ሻሽና ማሰሪያ ላስቲክ ይበቃሉ። የሽምብራ ነቀዝ ከጎለመሰ በኋላ ምግብም ውኃም አይጠይቅም። እንስቷ እንቁላሏን ከፍሬው ገጽ ላይ ታጣብቃለች፤ እንቁላሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ያለ አጉሊ መነጽር ይታያል። የተፈለፈለው እጭ ፍሬውን ሰርስሮ ይገባል፤ ሙሽሬ የሚሆነውም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ እንቁላል ያረፈበትን አንድ ፍሬ በጥንቃቄ ሰንጥቆ ያዩትን መሣልና መመዝገብ ያሻል። በመጨረሻ ጥንዚዛው ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። (ሙሽሬ የማይሆኑ ነፍሳትም አሉ፤ አንበጣ ከኩብኩባነት በቀጥታ ወደ ክንፋምነት ይሸጋገራል። ገበሬው ለሁለቱ ሁለት ስም ያወጣው የእኛን መማሪያ መጽሐፍ ሳይጠብቅ ነው።)

ዋናው ቁም ነገር የቀኑ ቁጥር ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ጉልምስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያው ዞን በፎገራ ሜዳ ያለችው ወረታ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከአንድ ጆንያ የተከፈለ ሽምብራ በሁለቱ ከተሞች ክፍሎች ቢቀመጥ ቀኑ አይገጥምም። በደብረ ታቦር ዕድገቱ እጅግ ይዘገያል፤ በብርዱ ወራት ጭራሹን ሊገታም ይችላል። ሙከራው ከሸፈ ብሎ ጠርሙሱን የሚጥል ተማሪ የተሻለውን ውጤት ጣለ ማለት ነው፤ የደጋ እህል ከቆላው ይልቅ ነቀዝን የሚቋቋምበትን አንዱን ምክንያት በእጁ ይዞ ነበርና።

ተባይ በትምህርት ቤት ማርባት ተገቢ አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ጠርሙሱ ከእህል ማከማቻ መራቅ፣ ሙከራው ሲያበቃም የፈላ ውኃ ሊፈስበት ይገባል። ነገር ግን ነቀዝ በየቤቱ አብሮን እየኖረ ሳለ አለማወቃችን ዋጋ እያስከፈለን ነው። እህሉን በወንፊት የነፋ ሰው ጉልምሱን ብቻ ያስወግዳል፤ በፍሬው ውስጥ የተደበቀው እጭ ተመልሶ ወደ ጎታ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ነቀዙ ሲታይ «እህሉ ራሱ ወለደው» ይባላል፤ ቀጥሎም መርዛማ ጋዝ የሚያመነጭ ክኒን ይገዛና ቤተሰቡ ከሚተኛበት ክፍል ጎታ ውስጥ ይጨመራል። የዚህ ጋዝ ገዳይነት ለነቀዝ ብቻ አይደለም። ከወንፊቱ በኋላ ምን እንደሚተርፍ በጠርሙስ ያየች ተማሪ ለእናቷ የምታስረዳው ነገር ይኖራታል።

በደብረ ታቦር ለሚጀምሩ ከኅዳር ይልቅ ሞቅ የሚልበት መጋቢት ይመረጣል። ቴርሞሜትር ከተገኘ ከጠርሙሱ ጎን ይቀመጥ።