ሽንኩርቱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ልጅቷስ?

«ዕድገት» የሚለው ቃል ሳይነሳ የሚውልበት ቀን የለም። እኛ ዕጩ መምህራን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን፤ ዕድገቱ ለማን ደረሰ?

ሩቅ ሳንሄድ የይፋትን ቆላ እንመልከት። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ መሬቱ ለም ነው። የሮቢ ወንዝ አለ፤ ጤፉ፣ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ ይበቅላል። የአዲስ አበባው አስፋልትም ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን ማሳ ዳር መቆም ይበቃል። ሽንኩርት አይጠብቅም፤ ከቆየ ይበሰብሳል፣ ወይም ያጎነቁላል። ደላላው ይህን ያውቃል። ማከማቻ የሌለው፣ የአዲስ አበባን የዕለቱን ዋጋ ያልሰማ ገበሬ አይሱዙው ቆሞ ሲጠብቀው በተባለው ዋጋ ከመሸጥ በቀር ምን ያደርጋል?

በዚያው ሰሞን ለልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘነው። ልጆቹ ቀን ሥራ ሄደዋል። በሳምንቱ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ «ለምን ቀረሽ?» ብንላት፣ «ቲቸር፣ ሽንኩርት ካልነቀልኩ ደብተር ማን ይገዛልኛል?» አለችን። መልስ አጣን።

ይህ የአንድ ቀበሌ ነገር ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም ከ100 የከተማ ነዋሪ 26 ያህሉ ከድህነት ወለል በታች ነበር፤ በ2008 ዓ.ም ወደ 15 ወረደ። በገጠር ግን ከ30 ወደ 26 ብቻ ነው የወረደው። አገር አድጋለች፤ ገጠሩ ግን ወደኋላ ቀርቷል።

የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም ኮሪያ ሲደርስ ያገኘው በጦርነት የፈራረሰ ድሀ አገር ነበር። ደቡብ ኮሪያ በዚያው ዘመን መሬትን ለአራሹ አከፋፈለች፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትንም ለልጆቿ አዳረሰች። ትልልቁ ፋብሪካ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ መሬቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም አዋጅ ከባለርስቱ እጅ ወጥቷል። የትምህርቱ ጉዳይ ግን ገና አላለቀም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ድሀ ልጁን ባያሠራ ምን ይበላል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ወላጅን መውቀስ አይገባም። ግን መፍትሔ አይጠፋም። ነፋስ የሚያስገባ የሽንኩርት ማከማቻ በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሠራ ገበሬው ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ዋጋ አይቶ ይሸጣል። ትምህርት ቤቱም የነቀላውን ሳምንት አስቀድሞ አውቆ የማካካሻ ትምህርት ቢያወጣ ልጅቷ አትቀርም።

የእኛስ ድርሻ? ሒሳብን በሚዛንና በኩንታል እናስተምር። ማሳው ላይ ስንት ነው፣ አዲስ አበባ ስንት ነው፣ ልዩነቱስ የት ገባ? ይህን የሚያሰላ ልጅ አባቱን ገበያ ላይ ይረዳል። ምደባ ሲመጣም «ቆላ ነው፣ ይሞቃል» ብለን አንሽሽ።

መምህራኖቻችንስ ምን ትላላችሁ? መልሳችሁን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን።