መዳቡ ወጣ፤ ፈሳሹስ?

የስልክም ሆነ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ የሆነው ሰርኪት ቦርድ የሚሠራው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። ሰሌዳው መጀመሪያ ፊቱን ሙሉ መዳብ ይለብሳል። ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው መስመሮች ብቻ ተሸፍነው ቀሪው በኬሚካል ይበላል። በተለመደው 35 ማይክሮሜትር ውፍረት በ1 ካሬ ሜትር ላይ የተለበጠው መዳብ 300 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠው ሟሙቶ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል።

በአሞኒያ የሚሠራው መዳብ በል ፈሳሽ አገልግሎቱን ሲጨርስ በ1 ሊትር 150 ግራም ገደማ መዳብ ይይዛል። 1,000 ሊትሩ 150 ኪሎ መዳብ አለው ማለት ነው። ዛሬ ከሚቆፈሩት የመዳብ ማዕድናት የብዙዎቹ 1 ቶን ድንጋይ ግን 10 ኪሎ እንኳ አይወጣውም። «ቆሻሻው ሀብት ነው» የሚሉ ሰዎች ታዲያ አልተሳሳቱም፤ የተናገሩት ግን የእውነቱን ግማሽ ነው። መዳቡን ማውጣት ቀላሉ ሥራ ነው። ዋናው ጥያቄ መዳቡ የወጣለት ፈሳሽ የት ይደርሳል የሚለው ነው።

እጅግ ርካሹ ዘዴ ጥንታዊ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቻይናውያን መዳብ ባዘለ የምንጭ ውኃ ውስጥ ብረት እየነከሩ መዳብ ያመርቱ ነበር። በስፔን ሪዮ ቲንቶ የማዕድን ማውጫም ይኸው ሥራ ለረጅም ጊዜ ተሠርቶበታል። በአሞኒያው ፈንታ ፌሪክ ክሎራይድ በተባለ መዳብ በል ፈሳሽ የሚሠራ ፋብሪካም ያገለገለው ፈሳሽ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ቢጨምር ብረቱ እየሟሟ መዳቡ በቀይ ዱቄት መልክ ይዘቅጣል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ለሚወጣው እያንዳንዱ 1 ኪሎ መዳብ 2 ኪሎ ገደማ ፌረስ ክሎራይድ ፈሳሹ ላይ ይጨመራል። ባለፋብሪካው ዱቄቱን ሸጦ ይህን አሲዳማ ፈሳሽ ወደ ቦይ ከለቀቀው የብክለቱን ዓይነት ለወጠ እንጂ አላስቀረውም። ፈሳሹን በክሎሪን አክሞ ወደ ፌሪክ ክሎራይድ ከመለሰው ግን ለራሱ ሥራ ወይም ለቆሻሻ ውኃ ማጣሪያ ይውላል።

ብረታ ብረት መልሶ ማውጣት በራሱ ንጹሕ ሥራ አለመሆኑን ታይዋን በገዛ ወንዟ አይታዋለች። በደቡብ ታይዋን በኤረን ወንዝ ዳርቻ የተጣለ ዕቃ የሚፈታቱ ሰዎች ሽቦ እያቃጠሉ፣ ሰርኪት ቦርድ በአሲድ እያጠቡ ብረታ ብረቱን ይለቅሙ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. በወንዙ መድረሻ አካባቢ ባሕር ላይ የሚረባው ኦይስተር በመዳብ ብዛት አረንጓዴ ሆነ። ለቃሚዎቹ ብረቱን ወስደው ነበር፤ አሲዱን የወሰደው ወንዙ ነው።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ፈሳሹን ከዑደቱ አያስወጣም። የአሞኒያው ፈሳሽ መዳብ መርጦ ከሚይዝ ዘይት መሰል ኬሚካል ጋር ይደባለቃል። መዳቡ ወደ ዘይቱ ሲሻገር ፈሳሹ ተስተካክሎ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ዘይቱ በሰልፈሪክ አሲድ ሲታጠብ መዳቡን ለአሲዱ ያስረክባል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ መዳቡን ከአሲዱ ለይቶ በሰሌዳ መልክ ያወጣዋል። ዘይቱም አሲዱም ለቀጣዩ ዙር ይመለሳሉ። እርግጥ ዑደቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እያንዳንዱ ቦርድ ከገንዳው ሲወጣ ጥቂት ፈሳሽ ይዞ ወደ እጥበቱ ይሄዳል። ነገር ግን ጥቂት ማጠቢያ ውኃን ማከም ሙሉ በርሜል ከመድፋት ጋር አይነጻጸርም።

«ይህ የትልልቅ ፋብሪካዎች አቅም ነው» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። አነስተኛ ወርክሾፕ እንዲህ ያለ መሣሪያ አይገዛም፤ መግዛትም የለበትም። ከእሱ የሚፈለገው አለመቀላቀል ነው። አሲዱን ለብቻ፣ አሞኒያውን ለብቻ አጠራቅሞ ለጋራ ማጣሪያ ቢያስረክብ ፈሳሾቹ ዋጋቸውን ይዘው ይደርሳሉ። አሞኒያው ከሌላ ፍሳሽ ጋር ከተደባለቀ ግን መዳቡን አጥብቆ ስለሚይዘው ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ እንኳ አስቸጋሪ ይሆናል።

ቁጥጥሩም መቃኘት ያለበት በዚህ ነው። በፍሳሹ ውስጥ ያለውን የመዳብ መጠን በሊትር ብቻ የሚለካ ሕግ ውኃ የሚጨምረውን ይሸልማል። 150 ግራም መዳብ የያዘውን 1 ሊትር ፈሳሽ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ለማድረስ 150,000 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል፤ ከመዳቡ ግን አንዲት ግራም አልጠፋችም። ተቆጣጣሪው ከቦዩ ናሙና ከመቅዳቱ በፊት የግዢ መዝገቡን ቢያገላብጥ ይሻላል። ፋብሪካው ዘንድሮ ስንት ሊትር አዲስ መዳብ በል ፈሳሽ ገዛ? ስንት ካሬ ሜትር ቦርድስ አመረተ? ፈሳሹን መልሶ የሚጠቀም ፋብሪካ ግዢው ከምርቱ አንጻር ትንሽ ነው። መዳቡን ብቻ የሚሸጥ ፋብሪካ ግን በየወሩ አዲስ በርሜል ያስገባል፤ የገባው ሁሉ ደግሞ በአንድ በኩል መውጣቱ አይቀርም።