ልጁ «ደህና ነኝ» ቢልም መርፌው አይቋረጥ



መድኃኒት ቤት ስሠራ ደጋግሜ የምሰማው ንግግር አለ፦ «ልጄ አልሐምዱሊላህ ድኗል፤ የየወሩን መርፌ ትተነዋል።» ይህ ያስፈራኛል።

በአገራችን የብዙ ልጆችና ወጣቶች የልብ ሕመም የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ያስከትላል፤ የልብን በሮች (ቫልቮች) ይጎዳል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ትርፉ መድማትና ሌላ ኢንፌክሽን ነው።

ሐኪሙ በማዳመጫው የተለየ የልብ ድምፅ ከሰማ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ያዝዛል። በሽታው ከተረጋገጠ ልጁ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ያውም ለዓመታት። መርፌው የተበላሸውን በር አይጠግንም፤ በሽታው ዳግም ተነስቶ ጉዳቱ እንዳይብስ ግን ይከላከላል። ክፉኛ ለተበላሸ በር የሚቀረው ወጪውም ወረፋውም ከባድ የሆነው ቀዶ ሕክምና ነው።

«ረመዷን ነው» ብለው ቀጠሮ የሚያሳልፉም አሉ። ዓለም አቀፉ ኢስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ፣ በጡንቻ የሚሰጥና ምግብነት የሌለው መርፌ ፆም እንደማያፈርስ ወስኗል።

እናቶችና አባቶች! ልጁ ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መርፌው የሚቆመው ሐኪሙ «ይብቃ» ሲል እንጂ ልጁ ኳስ መጫወት ሲጀምር አይደለም። ሰበቡን እናድርስ፤ ሺፋው ከአላህ ነው።